የቀረው እጁ ነው

«ዕቃው ደህና ነው ብላለች። እንግዲህ የቀረው እጁ ነው።»

ሀውላ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን ከአልጋ ሥር ስትፈልግ ነው። የተናገረው ታላቅ ወንድሟ ሙአዊያ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ከውሃው ሮቶ አጠገብ ቆሞ፣ ለሚስቱ ለጀናን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ክፋትም አልነበረበትም። ብዙ ቀን ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሞ በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። ጀናን ባልዲ ትሞላ ነበር፤ የሚወርደው ውሃ ይሰማል። ሀውላ ጫማውን በእጇ እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ብላለች» የተባለችው እሷ ናት።

ያለችው ሐሙስ ማታ ነው። አባቷ ነጅመዲን ወደ ሰሜን የሚሄድ አገር አቋራጭ አውቶብስ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተው ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ስኳር ዓይናቸውን ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ ቀናቸውን የሚከፋፍልላቸው ሶላትና ሬዲዮ ነበር። አሮጌው ሬዲዮ ሲሞት ሀውላ ለአረፋ በዓል ብላ ሌላ ሠራችላቸው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ቦርድ ከዱባይ በሚመላለስ ሰው አስመጣች፣ ጣቢያ የሚይዘውን ቺፕ በየደችበት፣ ሁሉንም አንድ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተተችው። ለማያይ ሰው ብዙ ቁልፍ ጣጣ ነው ብላ ከላይ አንድ የብረት ማዞሪያ ብቻ አወጣችለት። ሲጫኑት ይበራል፣ ይጠፋል፤ ሲያዞሩት ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይሄዳል፤ በየጣቢያው የራሷ የሀውላ ድምፅ ቁጥሩን ይናገራል። ሦስት ቁርኣን ነው፣ አምስት የአማርኛ ዜና፣ ስድስት መንዙማ የሚበዛበት። ነጅመዲን ስምንቱንም ጣቢያ በአንድ ቀን በቃላቸው ያዙ።

ብዙ ሳይቆይ ሬዲዮው አበደ፤ ያበደው ግን በእሳቸው እጅ ብቻ ነው። ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት በፊት ጣታቸው ማዞሪያውን ገና ሲነካ የሀውላ ድምፅ «አራት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ስምንት» እያለ ይዘላል፣ በመሀል ያለው ሞገድ ይጮሃል፣ ጎረቤት ይነቃል። ጀምበር ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይም እንደዚያው። ሌላ ሰው ሲነካው ፀጥ ብሎ የታዘዘውን ያደርጋል። ሙአዊያ ሞከረው፣ ጀናን ሞከረችው፣ አንድም ነገር አልሆነም። ሐሙስ ማታ ሀውላ ራሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መቶ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ መቶ ጊዜ ወደ ግራ አዞረችው። አልሳተም። አባቷ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቁጥሩን ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ሀውላ» አሉ፣ «ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«ዕቃው ደህና ነው አባባ» አለች፣ ዓይኗን ከቦርዱ ሳታነሳ።

«እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሬዲዮው አላነሱም።

ነገሩ የሬዲዮ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጀናን ምሳ ይዛ ስትመጣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ምንም ሳይጣድበት ቀልቶ አግኝታዋለች። ነጅመዲን አጥፍቼዋለሁ አሉ፤ እሷም በዓይኔ አይቻለሁ አለች፤ ሁለቱም አልዋሹም። ያን ቀን ነው ሙአዊያ አባቱን አያት ሰፈር ወዳለው ኮንዶሚኒየሙ ሊወስዳቸው ማሰብ የጀመረው። ሬዲዮው ሲጨመርበት ሐሳቡ ቆረጠ። ጀናን ቀን ቤት ትውላለች፣ አይናቸውም ባይኖር የሚያያቸው ሰው ይኖራል። ልክ ነበር፤ ሀውላ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሥራ ላይ ናት። ግን ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ መስጊዱ አስፋልት ማዶ ነው። እዚህ ሲግናል ሰፈር ከግቢው በር እስከ መስጊዱ ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ነጅመዲን በቦዩ ሽታ፣ በመብራት ምሰሶው ዝዝታ፣ በልብስ ሰፊው መኪና ድምፅ እየተመሩ በቀን አራት ጊዜ ብቻቸውን ይሄዳሉ። እዚያ ከሄዱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው እስኪያወጣቸው መጠበቅ ነው። የሚለቁትን ክፍል ደግሞ ባንክ የሚሠሩ ባልና ሚስት ሊከራዩት መጥተው አይተዋል፤ ሴትየዋ ለመጋረጃ መስኮቱን ለክታ ሄዳለች። መስኮቱ ሲለካ ነጅመዲን አልጋቸው ላይ ነበሩ።

ሀውላ ጫማዋን አድርጋ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው፣ እጃቸውን ከውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ሻንጣው እግራቸው ሥር ተከፍቶ ነበር። ሬዲዮውን ከመስኮቱ ጠርዝ አንስታ ከነቻርጀሩ ፌስታል ውስጥ ስትከት የፌስታሉን ድምፅ ሰሙ።

«የት ልትወስጂው ነው? ደህና ነው አላልሽም?»

«አንዴ ደግሜ ልየው ብዬ ነው።»

«መኪናው ለአስር ነው የሚመጣው። ከዚያ በፊት መልሺው፣ ሻንጣው ውስጥ መግባት አለበት።» ከዚያ፣ «ካልመለስሽውም ግድ የለም። እዚያ ቴሌቪዥን አለ» አሉ።

ግቢው ውስጥ ሙአዊያ ሰላም አላት፤ እሷም መለሰችለት። የሰማችውን መስማቷን አልነገረችውም። ቁልቁል ወደ መገናኛ ስትወርድ ከኋላዋ የእንጦጦ ጋራ አናቱን ደመና ውጦት ነበር፤ የሰኔ ዝናብ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ያስታውቃል። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት የመጀመሪያውን ከሰል እያራገበች ናት። ታክሲ ረዳቶቹ ይጮሃሉ። ሀውላ ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንድ ነገር ብቻ እየለመነች ሄደች፤ ዕቃው ተበላሽቶ እንዲገኝ። በሥራዋ እንዲህ ብላ ለምና አታውቅም።

የምትሠራበት ሱቅ መገናኛ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ሰው ወንበሩን ካላስማማ የማይዞርበት ክፍል፣ ግድግዳው በስልክ ሽፋን የተሞላ። ባለቤቱ ገላና አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ አየው።

«ሀዊ፣ ይሄ ምሳሽ ነው ወይስ በሽተኛ?»

«በሽተኛ ነው። ምንም አያመውም።»

«እንደሱ ዓይነቱን ነው የምፈራው።»

ነገረችው። ዕቃቸውን ሊጭን ስለሚመጣው ፒካፕና ስለ አራተኛ ፎቁም ጭምር ነገረችው። ገላና ሌላ ቀልድ አልጨመረም፤ ክዳኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን በእንጨት ስንጥር አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አደረገ። የላላ የለም። በቴስተር ለኩት፤ ማዞሪያው በሄደ ቁጥር መርፌው በደንብ ይወጣል፣ በደንብ ይወርዳል። የማዞሪያውን ውስጥ በአልኮል አጠቡት። ከዚያም ጨርሰው አውጥተው ከአሮጌ የመኪና ቴፕ ላይ የተነቀለ ሌላ ማዞሪያ ተኩለት፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ልክ ሠራ፤ አሮጌውን መለሱት። በመሀል ደንበኛ ይመጣል። አንዲት ሴት ስልኳ ወጥ ውስጥ ወድቆ አይበራም ብላ መጣች፤ ገላና ከፍቶ አሸተተና «እመቤት፣ ቅመሙ ጥሩ ነው፣ ጨው ግን ትንሽ በዝቷል» አላት፣ ሴትየዋም ስልኳን ረስታ ሳቀች። ሀውላ አልሳቀችም። ወረቀት ላይ መስመር እያሰመረች ታዞር ነበር። ሦስት መቶ ወደ ቀኝ፣ ሦስት መቶ ወደ ግራ። የገዛ ድምጿ ሳይደክመው ቁጥሩን ይቆጥራል። እያንዳንዱ ትክክለኛ ቁጥር አባቷ ላይ የሚሰጥ ምስክርነት ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገላና መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«እማዬም እንደዚህ ነው የጀመራት» አለ። «ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጪ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ቀየርንላት። ሀዊ፣ አንዳንዴ ዕቃው ደህና ይሆናል።»

ስልኳ ጮኸ፤ ሙአዊያ ነበር። ፒካፑ ከሰዓት ሌላ ጭነት ስለያዘ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ አባባም ቶሎ ይሁን ብሏል፣ ሬዲዮውን ይዘሽ ነይ ወይም እኔ ሌላ ቀን እወስደዋለሁ አላት። «አባባ ራሱ ነው ቶሎ ይሁን ያለው?» ብላ ጠየቀች። «ራሱ ነው» አለ። ውሸታም አይደለም ወንድሟ።

የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ ሀውላ ወረቀቱን ትታ ተነሳች። ደረጃው ሥር ባለው ቧንቧ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ውዱእ አደረገች፤ ውሃው ቀጭን ስለሆነ ጊዜ ወሰደባት። ተመልሳ ስትገባ መስገጃዋን ከመደርደሪያው ኋላ ከማንጠፏ በፊት ሬዲዮው እንደበራ መሆኑን አየች፤ ሶላት ላይ ሆና የገዛ ድምጿ እንዳያወራባት ልታጠፋው እጇን ዘረጋች።

«አራት፣ ሰባት፣ ሁለት» አለ ሬዲዮው። «ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ።»

አላዞረችውም፤ ጣቷን ብቻ ነው ያሳረፈችበት። እጇን አነሳች፤ ዝም አለ። መልሳ ነካችው፤ ዘለለ፣ ጮኸ። ገላና ከያዘው ስልክ ቀና አለ። ሀውላ እጇን አየች። ከክርኗ የሚወርደው ውሃ በመዳፏ በኩል ዞሮ ብረቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ ነካችው፤ «ሁለት» ብሎ በጨዋ ደንብ ቆመ። ከጠረጴዛው ላይ የገላናን የውሃ ኩባያ አንስታ ጣቷን አራሰችና ነካችው።

«ሰባት፣ አንድ፣ አምስት፣ አምስት።»

«ኧረ በስመአብ» አለ ገላና።

አባቷ ከውዱእ በኋላ እጃቸውን አያብሱም። ውሃው በራሱ ይድረቅ ይላሉ። ሱብሒ ላይ እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ ከግቢው ቧንቧ ይመለሱና አዛን እስኪሰማ ሦስት ቁጥር ላይ ቁርኣን ያደርጋሉ፤ መግሪብ ላይም እንደዚያው። ሀውላ ከተወለደች ጀምሮ ከእኚህ ሰው ክርን ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ አይታለች፤ ስለዚህ አታየውም ነበር። ከሰዓት በኋላ ዜና ሲያዳምጡ፣ እጃቸው ደርቆ፣ ሬዲዮው ምንም ብሎ አያውቅም። ደህና ሲሠራ ማን ልብ ይላል።

ሰገደች። ሶላቷ ውስጥ የቦርዱን የሽቦ መበየጃ እግሮች ስትቆጥር ራሷን ያዘችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስትጨርስ ላፕቶፑን ከፈተች፤ የቦርዱን ወረቀት ከጎኑ ዘረጋች፤ ጥፋቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። የማዞሪያው ሁለት ሽቦዎች ሠላሳ አራትና ሠላሳ አምስት ቁጥር እግሮች ላይ ተበይደዋል። እንዲህ ያለ እግር ማንም ሳይነካው በትንሽ ኤሌክትሪክ ተደግፎ መቆም አለበት፤ ካልተደገፈ ተንሳፎ ይቀርና በዙሪያው ያለውን ሁሉ፣ የመብራት ሽቦውን፣ በሰው ገላ የሚያልፈውን ጥቃቅን ኤሌክትሪክ ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። ሀውላ «ደግፍ» ብላ በፕሮግራሙ ጽፋ ነበር። እነዚህ እግሮች ግን ያንን ትእዛዝ አይፈጽሙም። አንፈጽምም ብለውም አይመልሱም፤ ዝም ይላሉ። በደረቅ እጅ እንዳጋጣሚ ሲሠሩ ይቆያሉ፣ እርጥብ እጅ ብረቱን ሲይዝ ይሳከራሉ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አንብባውም ነበር። እነሱን የመረጠችው ጥግ ላይ ስለሆኑ ሽቦው ሳይጠላለፍ አምሮ ስለተኛላት ነው። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፣ ቸኩላለች።

«ለማማሩ ነው?» አለ ገላና ከትከሻዋ በላይ እያየ።

«ለማማሩ ነው።»

ከአሮጌ ቴፕ ሆድ ውስጥ እግሮቹን የሚደግፉ ሁለት ሬዚስተሮች ነቅሎ ሰጣት። በየደች። ጣቷን ኩባያው ውስጥ ነክራ ያዘችው፤ «ሁለት» አለና ቆመ። አዞረችው፤ «ሦስት»። ደገመች፣ ሠለሰች፣ ገላናም አፉ ውስጥ ጣቱን ነክሮ ሞከረው። ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ምሳ ዕቃውን ዘግታ ከነቻርጀሩ አቅፋ ስትሮጥ፣ ከዚያ ሌላ የጥፍር መቁረጫዋ ያለበትን ቦርሳዋን ብቻ ነው የያዘችው።

ስትደርስ ፒካፑ በር ላይ ቆሟል። አልጋው ተፈትቶ ተጭኗል፤ ፍራሹ በገመድ ታስሯል፤ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ስልኩን ያያል። ነጅመዲን ኮታቸውን ለብሰው ግቢው መሀል በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለት እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፤ ሰው አውቶብስ ሲጠብቅ እንደሚቀመጠው። ጀናን ከባልዲው አጠገብ ሳህን ታጥባለች። ሀውላ ትንፋሿ ሳይመለስ ነገረቻቸው። ስለ ውሃው፣ ስለ ሁለቱ እግሮች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ። ሙአዊያ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«አሁን ይሠራል ነው የምትይው?»

«ይሠራል።»

«እሺ፣ አሁን ይሠራል። በፊት በዚያ ምክንያት እንዳልሠራ በምን አውቃለሁ?» ድምፁ ድካም እንጂ ቁጣ አልነበረበትም። «ሀውላ፣ እኔም እኮ ቢቀር ደስ ይለኛል። ግን ሐሙስ ደህና ነው አልሽ። ዛሬ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ አይደለም ትያለሽ። ላሳዘነሽ ሰው ስትይ የማትይው ነገር የለም።»

ምስክሯን በገዛ እጇ ጠግናዋለች። ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ያስተጋባል፤ አልጋው የነበረበት ወለል ከሌላው ይልቅ ቀይ ነው፤ ጥግ ላይ ምድጃው ብቻ ቀርቷል፣ አዲሶቹ ተከራዮች እንዲጠቀሙበት ይሆናል። ቻርጀሩን ሶኬቱ ላይ ሰካች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ጥፍር መቁረጫዋን አወጣችና አሁን የበየደቻቸውን ሁለት ሬዚስተሮች ቆረጠቻቸው። ጠብ ጠብ ብለው ወለሉ ላይ ወደቁ።

«ጀናን» ብላ ተጣራች። «እጅሽን ሳትጠርጊ ነይ።»

ጀናን በሩ ላይ ቆመች፤ የሳሙና ውሃ ከጣቶቿ ይወርዳል። ባሏን አየች፣ ከዚያ ገባች። ሀውላ ማዞሪያውን አሳየቻት። ጀናን እንደሚያቃጥል ነገር በሁለት ጣት ያዘችው።

«ሦስት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ሁለት፣ አምስት» አለ ሬዲዮው፤ በመሀል ሞገዱ እየጮኸ ባዶውን ክፍል ሞላው። ጀናን እጇን ሳብ አደረገች። እንደገና ነካችው፤ እንደገና ዘለለ።

ከግቢው የነጅመዲን ድምፅ መጣ። «ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ጀናን።

«ያንቺም ይዘላል?»

«ይዘላል።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለባሏ፣ «የኔም እጅ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አለችው። ሙአዊያ ገባ፤ ሮቶው ጋ ተመልሶ እጁን አረጠበ፣ መጥቶ ነካው፣ ዘለለበት። በሸሚዙ ጠርጎ ነካው፣ ቆመ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ፤ ከዚያ መሞከሩን ተወ። ዓይኑ ጥግ ላይ ያለው ምድጃ ላይ አረፈ።

«ምድጃውስ?» አለ። «ምድጃው ውስጥ ቦርድ የለም። ያን ቀን እንዲያ ቀልቶ ያገኘነው በማን እጅ ነው?»

ነጅመዲን ከወንበራቸው ተነስተው ነበር፤ ዘጠኝ እርምጃ ቆጥረው በሩ ላይ ደረሱ። ሀውላ መድረኩ እንዳያደናቅፋቸው እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥታ ያዘች፤ ወዲያው የሆነ ነገር ተሰማት። የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶች ጫፍ ውሃ ቋጥሯል፤ አንደኛው ፈንድቶ ቆዳው ተገፏል። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ይሄ መቼ ነው?» አለች።

«ከሐሙስ ወዲህ» አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። «የምድጃውን መጥፋት ማረጋገጥ አለብኝ። በምን ልወቀው?»

የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋም በኋላ ለብዙ ደቂቃ እንደሚፋጅ የማያውቅ የለም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ጠፍቶም ያቃጥላቸዋል፣ ሳይጠፋም ያቃጥላቸዋል። ግን ከሐሙስ ማታ ወዲህ ያጠፋችው እጅ አጥፍቻለሁ ብትላቸው አያምኗትም።

«እጁ ምን ሆነ?» አለ ሙአዊያ።

«ምንም» አለች ሀውላ፣ የአባቷን ጣቶች በመዳፏ ውስጥ አጥፋ እየጨበጠች። በሁለት ቀን ሁለተኛ ጊዜ ስለዚህ እጅ መመስከሯ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳታውቅ ተሳስታለች፣ ይሄኛውን እያወቀች ዋሸች።

ነጅመዲን ጉሮሯቸውን አጸዱ። «ምድጃውን እኔም አላውቅም» አሉ፣ ልጃቸው ወዳለበት ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞረው። «አጥፍቼው ይሆናል፣ ረስቼውም ይሆናል። ሐሙስ ማታ እጅህ ነው ተባልኩ፤ ተቀበልኩ፤ ልብሴን አስገባሁ። አሁን አይደለም ከተባለ አልጋዬን መልስልኝ ሙአዊያ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስልሳ ሰው ጭኜ በዚህ እጅ ነው የነዳሁት።»

በር ላይ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ አንዴ፣ አጭር። ሙአዊያ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ።

«እስከሚመጣው ቅዳሜ» አለ በመጨረሻ። «ምድጃውን ሀውላ ትፈትሸው። እስከዚያ እሷ ከሌለች አይበራም። አንድ ነገር ቢፈጠር ግን ያኔ አልነገርከንም እንዳትሉኝ።»

«እሺ» አሉ ነጅመዲን።

አልጋው ተመልሶ ሲገጠም አንድ ብሎን ጠፋ፤ ሙአዊያ በሽቦ አሰረው። ተከራዮቹን ጀናን ደውላ ነገረቻቸው፤ ሴትየዋ መጋረጃውን አሰፍቼ ነበር ማለቷን ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና አወራች። ስትሄድ የአማቷን ትከሻ ስማ «ሰኞ እመጣለሁ፣ አውፍ ይበሉኝ» አለቻቸው። «ምን አጠፋሽ» አሏት። ሙአዊያ ባዶው ፒካፕ ላይ ከሾፌሩ ጎን ተሳፍሮ ሄደ። ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል ወርዶ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግቢው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሀውላ ቅባት ገዝታ መጥታ ጣታቸውን ቀባችላቸው። መበየጃው ሱቅ ነው፤ ነገ እሑድ ነው።

«ሬዲዮውን ሰኞ አስተካክለዋለሁ» አለች። «እስከዚያ ከውዱእ በኋላ እጅህን ጥረግና ንካው፣ አይዘልም።»

መግሪብ ሲቃረብ ዝናቡ ቆመ። ነጅመዲን ቧንቧው ጋ ወጥተው ውዱእ አደረጉ፤ ተመልሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ፎጣውን ጠየቋት። ሀውላ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ፣ በጣቶቹም መሀል፣ የተቃጠለውን እየዘለሉ፣ እንደ ሕፃን እጅ ጠረጉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ተነፈሱበት፤ መድረቁን በከንፈራቸው አረጋገጡ። ከዚያ ነው ማዞሪያውን የነኩት።

«ሦስት» አለ የሀውላ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ እርግጠኛ ሆኖ። ቁርኣኑ ጀመረ።

አባቷ ትንሽ አዳምጠው ተነሱ፤ ከአልጋው እስከ ጥጉ አራት እርምጃ ነው። ምድጃው ቀኑን ሙሉ አልበራም፤ ከጠዋት ጀምሮ ገመዱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተኝቷል። እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉት፣ አገኙት፣ የታመሙትን ሦስት ጣቶች ቀዝቃዛው ብረት ላይ አሳረፉ።

«ጠፍቷል አባባ» አለች ሀውላ።

«አውቃለሁ» አሉ፤ ጣታቸውን ግን አላነሱም።